ካሴት ውስጥ የቀረው የእናቴ ድንች

ቶሎ የምግል ሰው ነኝ። ይህን ደብቄ ብጀምር የሚያውቁኝ ሁሉ ይስቁብኛል። ደብረ ታቦር ውስጥ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ ማሽኑ ወረቀት ነክሶ አልለቅም ሲል በጥፊ የምለው እኔ ነኝ፤ ውኃ አልፈላ ሲለኝ ክዳኑን አሥር ጊዜ የምከፍተውም እኔው። እናቴ እኔን ከየት እንዳመጣችኝ እንጃ። እሷ ጉና ሥር ተወልዳ፣ እዚያው በብርዱና በገብሱ መሐል ያረጀች ሰው ናት፤ ምንም ነገር አያስቸኩላትም። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ትለኛለች። እኔም "ለቀመ እኮ! ዋናው መልቀሙ ነው" እላታለሁ።

የነገሩ ሁሉ መነሻ የእናቴ እግር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ድንቿ ደርሶ ሊቆፈር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማሳዋ ዳር አዳልጧት ወደቀች። የጭኗ አጥንት ተሰበረ። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አወረዷት፤ ከሆስፒታል ስትወጣም ወደ እኔ ቤት መጣች። ከዚያ ወዲህ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ማሳዋ ለዘመድ የእኩል ተሰጠ። ያን ዓመት ድንቿን ሌላ ሰው ቆፈረው፤ ዘግይቶ ስለነበር ግማሹ መሬት ውስጥ በሰበሰ ተባለ።

ስለ እግሯ አንድም ቀን ስታማርር አልሰማኋትም። ስለዚያ ድንች ግን ሳታነሣ አትውልም። "ድንቼን ሳልቆፍር አነሣችሁኝ" ትላለች። "ሁለት ቀን ብትጠብቁኝ ምን ነበረበት?" አጥንቷ ተሰብሮ ማለት ነው እንግዲህ!

ቁጭ ብሎ መዋል ቅጣት ሆነባት። ጥጥ አመጣሁላት፤ ፈትላ ፈትላ ጎረቤቱን ሁሉ ጋቢ አለበሰችና ጥጡም ሰለቻት። ግድግዳውን እያየች መዋል ስትጀምር አንጀቴን በላችው። የባሰ ነገር ደግሞ አለ፤ እኔ ሳዝን የምናደድ ሰው ስለሆንኩ እሷኑ መልሼ እቆጣታለሁ።

በዚህ መሐል ታናሽ ወንድሜ አንድ ነገር ይዞ መጣ። እሱ በባሕር ዳር መስመር ሚኒባስ ይነዳል፤ እዚያ ካለ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ያገኘው የእጅ ጌም ነው። ሐምራዊ፣ ወርዱ የሰፋ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ከአናቱ ላይ ካሴት የሚጎርስ አፍ ያለው። ካሴቱ አንድ ብቻ ነበር።

"ለእምዬ ነው" አለ።

ደሜ ፈላ። "ሰባ ዓመት የሞላት ሴት ጌም ልትጫወት? አንተ ልጅ ጤናም የለህ?"

ከፈተውና እፊቷ ያዘላት። እርሻ ነበር። ባርኔጣ ያደረገ ትንሽ ሰውዬ፣ አንድ ጎጆ፣ አንድ ማሳ፣ አንዲት ቡራቡሬ ላም። ሰውየው ዶማ ያነሣል፣ መደብ ይቆፍራል፣ ዘር ይዘራል፣ ውኃ ያጠጣል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ እናቴ ከቁጥር በቀር የምታነበው የለም። ዶማ ግን በየትም አገር ዶማ ነው። በአንድ ረፋድ አስተማርኳት፤ እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ ጮህኩባትና ራሷ ተማረችው። ጎመንም፣ በቆሎም፣ ቲማቲምም ነበረው። የድንቹን ሥዕል ስታይ ሌላውን ሁሉ ተወችው።

ያ ጌም ስክሪኑ የራሱ መብራት አልነበረውም። ፀሐይ ላይ ካልወጡ አይታይም። እናቴ ረፋዱ ላይ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ትወጣና፣ ነጠላዋን አናቷ ላይ ወደፊት ሳብ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ሰብስባ፣ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጎረቤቶቻችን በአጥር በኩል እያዩ "እናትሽ መቼም ጸሎት ላይ ናቸው፤ የታደሉ!" ይሉኛል። እኔ አጠገቧ ቆሜ የምሰማው ጸሎት "ሂድ ወዲያ፣ አትርገጠው አልኩህ እኮ! ዓይንህ የት ነው?" የሚል ነበር። አራሹን ነው የምትቆጣው። ቁጣዬን ከማን እንደወረስኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልግባ። የጌሙ ስክሪን ጥግ ላይ የቀኑ ቁጥር ይታያል፤ አንድ ብሎ ይጀምርና ሠላሳ ሲሞላ ወር ይለወጣል። እናቴ ይህን ስታይ ደስታዋ ወሰን አጣ። "ሠላሳ ቀን! እንደኛው ነው!" አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ የጌሙ ወር በዓሉን አከበረ። ጥጉ ላይ 5 ሲል አቦ ነው። 7 ሲል ሥላሴ። 12 ሚካኤል። 19 ገብርኤል። 21 ማርያም። በነዚህ ቀናት አራሹ ዶማ አይነካም። ላሟን ይመግባል፣ ደጁ ላይ ይቆማል፣ አለቀ። አንዱ የጌም ቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ እናቴም አሥራ አምስቱን ደቂቃ ምንም የማይሠራ ሰውዬ እያየች በዓል ታከብራለች።

"እምዬ፣ አስተኚውና ቀኑ ይለፍ" እላታለሁ፤ አራሹ አልጋው ላይ ሲወጣ ቀኑ ያልቃል፣ ሥራውም ሁሉ ካሴቱ ውስጥ ይቀመጣል።

"በጠራራ ፀሐይ? ምን ታሞ ነው?"

"ደግሞ ዛሬ እኮ እውነተኛው ቀን ሃያ አምስት ነው፤ ሚካኤል አልፏል!"

"የኛው አልፏል። የሱ ዛሬ ነው።"

"በወር ሁለት ሦስቴ ሚካኤል ልታከብሪ?"

"ምን ጎደለብሽ?" ትለኛለች። አንድ ነገር ብቻ ነበር ቅር ያላት፤ ዓመቱ ሲያልቅ ጳጉሜን የለውም። የጌሙ የመጨረሻ ወር ሠላሳ ብሎ በማግስቱ አዲስ ዓመት ሲገባ "ኧረ በሕግ! አምስቷን ቀን ማን በላት?" ብላ ጌሙን ዘቅዝቃ አየችው፤ ሥሩ የተደበቀች መስሏት።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረች። ፊቷ ተመለሰ። ማታ ራት ላይ ስለ ማሳዋ ታወራኛለች፤ እዚያኛው ጥግ ድንጋይ ለቀመች፣ ላሟ ወተት ሰጠች። እኔ ለማኩረፍ እየሞከርኩ እጠይቃታለሁ፤ "ድንቹስ?" እላለሁ።

ከዚያ በጉ መጣ። ለፋሲካ ብለን ግቢ ውስጥ ያሰርነው በግ ነው። ያን ዕለት የእናቴ ድንች ደርሶ ነበር፤ ሃያ አራት መደብ፣ ከዚያ በፊት ያን ያህል ዘርታ አታውቅም። የጌሙ ቀን 11 ነበር፤ የጌሙም ፀሐይ ልትጠልቅ ደርሳለች። "ሃያ አራቱን ለመጨረስ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ ነገ ደግሞ ሚካኤል ነው። በ13 እቆፍራለሁ" አለችኝ። አራሹን አስተኛችውና ጌሙን በርጩማው ላይ አስቀምጣ፣ ምርኩዟን ይዛ ወደ ቤት ገባች። በጉ ገመዱን በጥሶ በርጩማውን ገለበጠ፤ ከዚያ እንደ ነገሩ አልፎ ቢሄድ ምን ነበር፣ ቆሞ ጌሙን ረገጠው። ስክሪኑ ተሰነጣጠቀ፤ ከዚያ በኋላ አልበራም። በጉ ፋሲካ ሲታረድ ያላዘነለት ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

እናቴ ስብርባሪውን ለቅማ ጭኗ ላይ አደረገችው። ከዚያ "እንደገና?" አለች። "እንደገና ድንቼን ሳልቆፍር?"

ያን ጊዜ መሳቅ አልቻልኩም። ሁለተኛ ማሳዋን እያጣች ነበር፤ ይቺኛዋን ደግሞ እኔ ግቢ ውስጥ፣ እኔ ባሰርኩት በግ።

በማግስቱ ከሱቄ ሦስት ቤት አልፎ ወዳለው ሞባይል ጠጋኝ ሮጥኩ። ዝምተኛና እርጋታው የሚያናድድ ሰው ነው። ዕቃውን ፈታ፣ አየ፣ ገጠመ። "ይሄ አበቃለት፤ ስክሪኑ አይገኝም" አለኝ። "ካሴቱ ግን ደህና ይመስላል። የእናትሽ እርሻ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ የሚቀበለው ዕቃ ፈልጉለት። ግን ተስፋ አትስጫቸው፤ አንዳንዱ ካሴት የሚያስታውሰው በውስጡ ባለች ትንሽ ባትሪ ነው፤ እሷ ካለቀች የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። ከፍተን ካላየን አናውቅም።"

ወንድሜ ባሕር ዳርን አገላብጦ ፈተሸ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚታጠፍ፣ ሁለት ስክሪን ያለው፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ ጌም ይዞ ገባ። "ያው የዚያ ዘር ነው፤ ሻጩ የድሮውን ሁሉ ይጫወታል ብሎ ምሎልኛል" አለ። እናቴ ተነሥታ ቆመች፤ ያለ ምርኩዝ! ካሴቱን አወጣሁ። አገላብጬ አፉን ፈለግሁ። ያለችው አንዲት ቀጭን ስንጥቅ ናት፤ ከቴምብር ትንሽ የምትበልጥ ካርድ ብቻ የምታስገባ። ካሴቱ በወርዱም በቁመቱም አይገባም። ገፋሁት። አልገባም። እጄ ወደ መቀሱ ሄደ።

"አስቀምጪ!" አለች እናቴ። "ካሴቴን ትሰብሪያታለሽ!"

መቀሱን አስቀመጥኩና ወንድሜ ላይ ዞርኩ። ያልኩትን አልጽፈውም። እናቴ አዲሱን ጌም ተቀብላ ከፈት ከደን አደረገችው፤ "እሳት አመድ ወለደ" አለችና መለሰችለት።

ጠጋኙን ቤት ድረስ ጠራሁት። ከእናቴ ፊት ተቀመጠና ሁሉንም በእርጋታ አስረዳት።

"እማማ፣ እነዚህ ዕቃዎች ትውልድ አላቸው። የመጀመሪያው እንደ ጡብ የወፈረ ግራጫ ነበር። ሁለተኛው የርስዎ፣ ወርደ ሰፊው ነው፤ የራሱንም የግራጫውንም ካሴት ይቀበላል። ሦስተኛው የሚታጠፍ ነው፤ ሁለት አፍ አለው፤ ባንዱ የራሱን ትንሽ ካርድ፣ በሌላው የርስዎን ዓይነት ካሴት ይጎርሳል፤ የግራጫውን ግን አያውቀውም። አራተኛውም ይታጠፋል፤ መልኩ ቁርጥ ሦስተኛውን ነው፤ ግን ሁለተኛውን አፍ ደፍነውታል። ልጅዎ ያመጣልዎ ይህን ነው።"

እኔ ሁለተኛው ላይ ነው የጠፋብኝ። እናቴ ግን ዓይኗ በራ። እናቴን ማወቅ ነው፤ ጉና አካባቢ ልጅ ሊድር የተነሣ ሰው ሁሉ ሙሽሮቹ ሰባት ቤት መራራቃቸውን የሚያስቆጥረው እሷን ነበር። የሰው አያትና ቅድመ አያት በጣቷ አንጓ ላይ ነው ያለው። ስንቱን ሠርግ "አምስተኛ ቤት ናቸው፣ ተዉት" ብላ አፍርሳለች!

"ቆይ እስቲ ልቁጠረው" አለች፤ አውራ ጣቷን ሌባ ጣቷ ላይ አሳረፈች። "ግራጫው አያት። የኔው አባት። ባለ ሁለት አፉ ልጅ። አፉን የደፈኑት የልጅ ልጅ። ካሴቴ የአባትየው ናት። ልጅ የአባቱን ገበታ ይቀርባል፤ የአያቱን አላየም፣ አያውቀውም። የልጅ ልጁ ከናካቴው ሁሉንም ረስቷል። እንግዲህ የምንፈልገው ልጅየውን ነው፣ ባለ ሁለት አፉን።"

ጠጋኙ ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "እማማ፣ ይቺን ለመረዳት እኔ ስንት ዕቃ አቃጥያለሁ!"

"ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ" አለች እናቴ። "ግን ጉዳቸው ነው፤ እኛ ሰባት ቤት ካልሞላ አናጋባም፤ እነዚህ አንድ ቤት ከተዘለለ አይጋቡም።"

ጠጋኙ ሲወጣ በር ላይ ቆመና አንድ ነገር ትዝ አለው። አጠገባችን ባለችው ከተማ፣ ጋሳይ ላይ ያለ ፀጉር አስተካካይ ከዓመት በፊት ማጠፊያው የላላ ጌም አሠርቶ ነበር። ወረፋ የሚጠብቁ ደንበኞቹ ይጫወቱበታል። "ሁለት አፍ እንደነበረው አስታውሳለሁ" አለ።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ የወንድሜን አዲስ ጌም በቦርሳዬ ይዤ ጋሳይ ወረድኩ። ፀጉር አስተካካዩ የአንድ ሽማግሌ አናት ግማሽ ላይ ደርሶ ነበር። ጌሙ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ቀለሙ የተላጠ፣ ማጠፊያው በፕላስተር የታሰረ። አንሥቼ ገለበጥኩት። ከታች ሰፊ አፍ! ልቤ ዘለለች። አዲሱን አወጣሁና "እንለዋወጥ" አልኩት።

መላጫውን አጠፋ። አዲሱን አየ፣ አሮጌውን አየ፣ እኔን አየ። "አዲስ ሰጥተሽ አሮጌ ልትወስጂ?"

"አዎ።"

"የኔ እኅት፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና አይደለሁም፤ ትሰጠኛለህ አትሰጠኝም?"

ግማሽ አናቱን የተላጨው ሽማግሌ "ስጣት ልጄ፣ ሳትነቃ ስጣት" አሉት። ተለዋወጥን። እስካሁን ጋሳይ ላይ ስሜ የሚነሣ ይመስለኛል፤ ያንሡኝ።

ደብረ ታቦር ስገባ ቀትር ሊሆን ነበር። ጠጋኙን ከሱቁ ነጥቄ ይዤው ሄድኩ፤ ወንድሜም ቤት ነበር። እናቴ እንደ ልማዷ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ካሴቱ ገባ፤ ጥርቅ ብሎ፣ ልክክ አለ። ተከፈተ። ስክሪኑ የካሴቱ ቦታ ባዶ ነው አለ። አወጣነው፣ መለስነው። ባዶ ነው።

"ሞታለች?" አለች እናቴ በቀስታ።

"ገና ነው እማማ" አለ ጠጋኙ፤ "ሁለት ዓመት ግቢ ውስጥ የዋለ ካሴት ነው፤ ጥርሱ ቆሽሿል። ማጽጃ አልኮሌ አልቋል እንጂ..." ወንድሜ ነገሩ ሳያልቅ ከጎረቤት አረቄ ይዞ ደረሰ። ጠጋኙ ጥጥ ነክሮ የካሴቱን የመዳብ ጥርሶች አንድ በአንድ ጠረገ፤ አንድ ጊዜ ለካሴቱ፣ አንድ ጊዜ ለራሱ እየቀዳ። እኔ "ቶሎ በል!" ልለው ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩ።

ካሴቱ ደርቆ ገባ። ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ ሙዚቃው መጣ።

ጎጆዋ ነበረች። ቡራቡሬዋ ላም ነበረች። አራሹ ባርኔጣውን አድርጎ አልጋው አጠገብ ቆሟል። እናቴ ወደ በሩ መራችውና ወጣ። ሃያ አራቱም መደብ ድንች፣ ቅጠሉ እንዳማረ፣ ልክ እንደተወችው ነበር። አንዱም አልበሰበሰ፤ አንዱንም ሌላ ሰው አልቆፈረው።

እናቴ ስክሪኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። መልሳ ጠረገችው። ስክሪኑ ንጹሕ ነበር፤ እንባዋ ነው።

"ጠበቀኝ" አለች። "ወር ሙሉ ጠበቀኝ።"

ወንድሜ እልል አለ፤ ወንድ ሆኖ! እኔ እያለቀስኩ ጮህኩ፤ "ቆፍሪ እምዬ! ቆፍሪ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?"

ጣቷ የዶማው ምልክት ላይ ሄዶ ቆመ። ወደ ጥጉ አየች። እኔም አየሁ። ቁጥሩ 12 ይላል።

"ዛሬማ ሚካኤል ነው" አለች።

ወይ አምላኬ! ጋሳይ ድረስ ሄጄ፣ እብድ ተብዬ፣ ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ! አፌ ተከፈተ። እናቴ ቀና ብላ ሳታየኝ አራሹን ወደ ላሟ ወሰደችው፤ መገባት፤ መልሳ ደጁ ላይ አቆመችው።

"ወር የጠበቀኝ ድንች አንድ ቀን አያቅተውም" አለች። "ነይ ተቀመጪ።"

ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ተቀመጠ፤ ጠጋኙም ጥጡንና አረቄውን እንደያዘ ተቀመጠ። አራታችንም አንገታችንን ደፍተን፣ ምንም የማይሠራውን ሰውዬና ያልተቆፈረውን ድንች እያየን፣ የጌሙ ፀሐይ እስክትጠልቅ አሥራ አምስት ደቂቃ ሚካኤልን አከበርን። በአጥሩ በኩል የጎረቤታችን ድምፅ ተሰማ፤ "ዛሬስ ቤቱ በሙሉ ጸሎት ላይ ነው" አለች። ማናችንም አላረምናትም።